«ይጋባል ወይ?»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ሌባውን ለመተቸት ቢሆንም ስለ ሳልም አንድ እውነት ይነግረናል። ሳል አይደበቅም። ረሃብን ስቆ ማሳለፍ ይቻላል፤ ብድርም ቢሆን ጸጉር ተሠርቶ፣ ነጠላ ለብሶ ገበያ ከመውጣት አያግድም። ሳል ግን በቅዳሴ መሀል፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለቅሶ ድንኳን ሥር ባለቤቱን ያጋልጣል። ያሳለ ሰው ደግሞ ወዲያው በዓይን ይመዘናል። በሁሉም ሰው ሆድ ውስጥ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይጋባል ወይ?»

ውድ አንባቢያን፣ በዚህች ቡሌቲናችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ፍቅር፣ ስለ ዶርም ኑሮና ስለ ፕሬስ ነፃነት ነው። ዛሬ ግን ትንሽ ለየት ያለ ነገር ይዤ ብቅ ብያለሁ። ስለ ጭስ፣ ስለ ሳንባ፣ እንዲሁም በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ በቅጡ ስለማይታዩ ደቃቅ ነገሮች ነው። «ጋዜጠኛና ሳንባን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ። ዞሮ ዞሮ ነገሩ የእኛው ሙያ ጉዳይ ነው።

እቴቴ

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል፤ የማያውቅ ካለ ደግሞ ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ይደርና ያወራናል። ብርድ አገር ላይ ማድቤት መስኮት አይበዛበትም። ሙቀቱ እንዳይወጣ ሲባል ጭሱም አብሮ ይታፈናል።

እቴቴ እንጀራ ጋግራ ለጎረቤትና ለሁለት ምግብ ቤቶች ትሸጥ ነበር። በሳምንት 4 ቀን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምራ ትጋግራለች። ማገዶዋ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ምጣዱ ጉልቻ ላይ ይጣዳል፣ በማሰሻው ይወለወላል፣ ሊጡ ይዞራል፣ አክንባሎው ይከደናል። ሥሩ ሲቀዘቅዝ ቅጠሉ ይማገዳል። ቅጠል ሲማገድ እሳቱ ቦግ ይልና ይጠፋል፤ ጭሱ ግን አይጠፋም። የማድቤቱ ጣሪያ ከጥቀርሻው የተነሳ ቆርቆሮ መሆኑን የምናውቀው ዝናብ ሲጥል በድምፁ ብቻ ነው።

ሳሉ የጀመራት እኔ 9ኛ ክፍል እያለሁ ነበር። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባለ። ዝንጅብሉም፣ ነጭ ሽንኩርት በማሩም፣ ዳማከሴውም ተሞከረ። ቀጥሎ አቀበት ያስቸግራት ጀመር። ከገበያ እስከ ቤት ሦስት ጊዜ ታርፋለች። «እርጅና ነው ልጄ» ትለኛለች፤ ያኔ ገና 46 ዓመቷ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄደች። አክታዋ ለሳንባ ነቀርሳ ተመረመረ፤ የለም ተባለ። በዓመቱ ደግማ ሄደች፤ አሁንም የለም። ወረቀቱ «የለም» ቢልም ሰፈሩ «አለ» አለ። ከሁለቱ ምግብ ቤቶች አንዱ «እንጀራ ከሌላ ቦታ አግኝተናል» ብሎ ላከባት። ፊት ለፊት የተናገራት ሰው የለም። የኛ ሰው መቼ ፊት ለፊት ይናገራል? ቡና ላይ የእሷ ስኒ ለብቻው መታጠብ ሲጀምር ግን ገባት።

በመጨረሻ ሆስፒታል ተላከች። እኔም ለዕረፍት ቤት ነበርኩና አብሬያት ሄድኩ። አንዲት ወጣት ሐኪም ከአንድ ትንሽ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ቱቦ ሰጥታ፣ «እናቴ፣ አየር በደንብ ይሳቡና ባለ በሌለ ኃይልዎ ይንፉት» አለቻት። ስፓይሮሜትር ይሉታል። ሥራው ቀላል ነው። ሰው አየር በደንብ ስቦ በኃይል ሲተነፍስ፣ ካወጣው አየር ውስጥ ስንቱ በመጀመሪያዋ ሰከንድ እንደወጣ ይለካል። የአየር ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት ከተሳበ በኋላም ይህ መጠን ከ70 በመቶ በታች ከሆነ መንገዱ ጠቧል ማለት ነው። የእቴቴ ከዚያ በታች ነበር።

«ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀቻት።

«እኔ? በማርያም! ሲጋራ የነካ እጅ ሊጥ ይነካል?»

«እንጀራ የሚጋግሩትስ በምንድን ነው?»

«በኩበት፤ በቅጠል።»

«ከስንት ዓመትዎ ጀምሮ?»

«ከ9 ዓመቴ።»

ሐኪሟ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለችና ጻፈች። ካርዱ ላይ የሰፈሩት አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው፦ ሲኦፒዲ። ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብና የሳንባ መጎዳት ማለት ነው። እቴቴ የሚሳብ መድኃኒት (ሰው «ፓፍ» የሚለውን) ይዛ ወጣች። በሽታዋም ስም አገኘ። ለጎረቤት የምትነግርበት ቃል ግን አላገኘችም። ያንን ለማግኘት ነው እንግዲህ ወደ ንባብ የገባሁት።

ብቻዋን አይደለችም

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፤ ከዓለም ገዳይ በሽታዎች 4ኛው ነበር። ዕድሜያቸው 70 ሳይሞላ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ውስጥ 90 በመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በሀብታሞቹ አገሮች ከ10 ታማሚ ከ7 በላይ የሚሆነው በትምባሆ የመጣ ነው። በእኛ ዓይነቱ አገር ግን የትምባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ሲሆን፣ የቤት ውስጥ ጭስ ከዋነኞቹ ምክንያቶች ተርታ ይሰለፋል። በዓለም ላይ 2.1 ቢሊዮን ያህል ሰው ዛሬም በእንጨት፣ በኩበት፣ በከሰልና በመሳሰሉት ያበስላል። ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው ቤት እንዲሁ ነው።

ታዲያ ስለ ትምባሆ ብዙ ፖስተር አይተናል። ስለ ጉልቻ ጭስ ያየነው ስንት ነው? ጭሱ የቤታችን ሰው ስለሆነ ነው መሰል እንደ ጠላት አናየውም። እንዲያውም «ጭስ የሚወጣበት ቤት» ሲባል ደግሶ የሚያበላ፣ ሕይወት ያለበት ቤት ማለት ይመስለናል።

«አቧራ» የተባለው ነገር

ባለፈው ሴሚስተር ከሳይንሳዊ ጥናት ተነስቶ ለተራ አንባቢ የሚሆን ጽሑፍ በአማርኛ የመሥራት አሳይመንት ተሰጠን። በአራት በአራት ተከፋፈልን። የኛ ቡድን ሳንባን መረጠ። (ማን እንዳስመረጠው መገመት አያቅታችሁም።) ስናገላብጥ ያገኘነው ነገር ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። የሰውነታችን ሕዋሳት ጥቃቅን እሽጎች ይላላካሉ!

ታሪኩ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 ፒተር ዎልፍ የተባለ ተመራማሪ በደም ፈሳሽ ውስጥ ከፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት፣ የሚወጡ ደቃቅ ነገሮችን አየና «የፕሌትሌት አቧራ» አላቸው። አቧራ ማለት እንግዲህ የሚጠረግ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በሞንትሪያል በሮዝ ጆንስተን፣ ሌላው በሴንት ሉዊስ በፊሊፕ ስታል የሚመሩ፣ ገና ያልበሰሉ ቀይ የደም ሕዋሳት የማይፈልጉትን ፕሮቲን ጠቅልለው ወደ ውጭ ሲያወጡ አዩ። ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1987 «ኤክሶዞም» የሚል ስም አወጣችላቸው። ስም ቢያገኙም ብዙው ተመራማሪ ለረጅም ጊዜ የሕዋስ ቆሻሻ መጣያ አድርጎ ነበር የሚቆጥራቸው።

ነገሩ የተለወጠው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የነግራሳ ራፖዞ ቡድን እነዚህ እሽጎች የሰውነትን መከላከያ ሕዋሳት ሊቀሰቅሱ እንደሚችሉ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በስዊድን ጎተንበርግ እነ ሃዲ ቫላዲና ያን ሎትቫል ትልቁን ነገር አወጡ። በእሽጉ ውስጥ አርኤንኤ፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ አለ። ከአይጥ ሕዋስ የወጣውን እሽግ ለሰው ሕዋስ ሲሰጡት የሰው ሕዋስ የአይጥ ፕሮቲን ሠራ። አቧራ የተባለው ነገር ለካ ደብዳቤ ኖሯል!

መጠናቸውን ለመገመት ይህችን አስቡ። ከትንንሾቹ ውስጥ ብዙዎቹ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ናቸው። 100 ናኖሜትር የሆኑትን በተርታ ብንደረድራቸው አንዲት ሚሊሜትር ውስጥ 10 ሺህ ይገባሉ። በደም፣ በምራቅ፣ በሽንት፣ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ሁሉ አሉ። ጤነኛ ሕዋስም ይልካቸዋል፤ የታመመም ይልካቸዋል። ስለዚህ በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ለውጡ የውስጣቸው ነው፤ የላኪውም ነው።

ከረጢት ወይስ ቋጠሮ?

አማርኛ ስም ስንፈልግ ቡድናችን አንድ ምሽት ሙሉ ተከራከረ። መጀመሪያ የመጣልን «ከረጢት» ነበር። ችግሩ፣ ሳንባ ውስጥ አየር የሚገባባቸውን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ክፍሎች በባዮሎጂ ትምህርት «የአየር ከረጢቶች» ብለን ተምረናል። ስለዚህ «ከረጢቱ ከረጢቱን ያፈርሰዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊመጣብን ነው! ማን ሊረዳው?

እኔ ያቀረብኩት «ቋጠሮ» የሚለውን ነበር። እቴቴ ብሯን መቀነቷ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች። ለእኔም ሽሮና በርበሬ ቋጥራ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ትልክልኛለች። ቋጠሮ ከውጭ ሲታይ ጨርቅ ነው፤ ሲፈታ ነው የሚታወቀው። ላኪ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ በውስጡ ጉዳይ አለው። የሕዋሱም ነገር ይኸው ነው። አንድ ሰው «ቋጠሮ ሲባል እብጠት እንዳይመስል» አለ፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ «የሕዋስ ቋጠሮ» ብለን አስረድተን ቀጠልን።

በነገራችን ላይ ሳይንቲስቶቹም በስም ሲከራከሩ ነው የኖሩት። የመስኩ ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ እሽጉ ከሕዋሱ የትኛው ክፍል እንደተነሳ ሳይረጋገጥ «ኤክሶዞም» ከማለት ይልቅ «ከሕዋስ ውጭ ያለ ቬሲክል» የሚለውን ጥቅል ስም መጠቀም ይሻላል ብሏል። ያልተረጋገጠ ነገር የተረጋገጠ ስም እንዳይለብስ ነው። ይህ ለጋዜጠኛም የሚሆን ምክር አይደል?

ሳንባ ውስጥ የሚሆነው

ጭስ በየቀኑ ሳንባ ሲገባ ሰውነት ዝም አይልም። ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጠራሉ። ጠላት ሲመጣ የሚዘምቱ ናቸው። መሣሪያቸው ከሆኑት አንዱ ኢላስቴዝ የሚባል ቆራጭ ኢንዛይም ነው። ተህዋስን ለማጥፋት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሳንባ እንደ ላስቲክ እንዲለጠጥና እንዲመለስ የሚያደርጉትን ክሮችም ይቆርጣል። ለዚህ ነው ሰውነት ዘበኛ ያቆመለት። ዘበኛው አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ ኢላስቴዝ ሜዳ ላይ ሲንቀዋለል ካገኘው ይዞ ያስረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም ተመራማሪዎች ሴል በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። የተቀሰቀሰ ኒውትሮፊል የሚለቀው ቋጠሮ ኢላስቴዙን በላዩ ለጥፎ ይጓዛል። እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ዘበኛው ሊይዘው አይችልም። ቋጠሮው የሳንባውን ክሮች የሚጨብጥበት መያዣም አለው። ስለዚህ ክሩ ላይ ተጣብቆ ይቆርጠዋል። ተመራማሪዎቹ ከሲኦፒዲ ታማሚዎች ሳንባ የወሰዱትን ቋጠሮ አጥርተው አይጦች ሳንባ ውስጥ ሲያስገቡ፣ የአይጦቹ የአየር ከረጢቶች ግድግዳቸው እየፈረሰ ሰፉ። ከጤነኞች የተወሰደው ቋጠሮ ይህን አላደረገም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች የአየር ቧንቧን የሚሸፍኑ ሕዋሳት የሲጋራ ጭስ ንጥር ሲነካቸው የሚልኩት ቋጠሮ አጠገባቸው ያሉትን ሕዋሳት ጠባሳ ሠሪ እንደሚያደርጋቸው አሳይተዋል። ቧንቧው እየወፈረ፣ እየጠበበ የሚሄድበት አንዱ መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጭሱ የነካው ሕዋስ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ያልነካውም ወሬው ይደርሰዋል። ምድጃው ከጠፋ በኋላ ሳሉ የማይጠፋበትን ምክንያት ለመረዳት እነዚህ ጥናቶች በር ይከፍታሉ።

በዚህ መስክ አብዛኛው ሥራ የተሠራው በሲጋራ ጭስ ላይ ነው። ኩበትና ቅጠል ብዙ ላቦራቶሪ አልገቡም። ሳሏን ይዛ በየቀኑ ማገዶ የምትማግደው ሴት በሳይንሱም ውስጥ ወደ ኋላ የቀረች ናት ማለት ነው።

ሁለት ርዕሶች

አሁን ወደ ሙያችን ልመለስ። ጽሑፉ ሲያልቅ ሁለት የርዕስ ሐሳብ ነበረን። አንዱ የቡድናችን ልጅ ያመጣው «የሳንባ በሽታ ከሰው ወደ አይጥ ተላለፈ!» የሚለው ነው። ቃለ አጋኖውም አብሮት ነበር። ሌላው የእኔው ደረቅ ርዕስ ነው፤ «ጭስ ሳንባን እንዴት ይጎዳል?» የሚል። ክፍል ውስጥ ድምፅ ቢሰጥ የእኔው 40 ለ 2 እንደሚሸነፍ አውቃለሁ። ለፋሲካ ቤት ስሄድ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩና ምስር እየለቀመች ሳለ ለእቴቴ አነበብኩላት።

የመጀመሪያውን ስትሰማ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ይጋባል ማለት ነው?»

«ምኑ?»

«በሽታዬ ነዋ። ተላለፈ አላልክም? እንኳን ለሰው ለአይጥም ይጋባል ማለት ነው። ይሄን ያነበቡ ለት እንኳን ስኒዬን ጥላዬንም ይሸሹታል።»

አስረዳኋት። አይጦቹ አጠገቧ ስለተቀመጡ አልታመሙም። ሳይንቲስቶቹ ቋጠሮውን ከታማሚ ሳንባ አውጥተው፣ አጥርተው፣ መጥነው፣ በመሣሪያ ነው ያስገቡት። ሲኦፒዲ በሳል አይጋባም፤ በስኒ አይጋባም፤ በእንጀራም አይጋባም። ቋጠሮው የሚላላከው በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ፣ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ነው። ሰምታ ስትጨርስ «እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጻፍ» አለችኝ። ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ይህን ሳስብ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። በእንግሊዝኛው ጥናት ውስጥ ያለው ቃል ስህተት የለበትም። «ተላለፈ» የሚለው አማርኛም በመዝገበ ቃላት ቢፈለግ ትክክል ነው። ነገር ግን በእኛ አገር «ተላላፊ» የሚለው ቃል ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ጀምሮ እስከ ሬዲዮ ማስታወቂያ ድረስ አንድ ትርጉም ብቻ ነው የያዘው። አንባቢ ቃሉን የሚያነበው በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በኑሮው ነው። ትክክለኛ ቃል በተሳሳተ ቦታ ሲቀመጥ የአንዲትን ሴት ገበያ ይዘጋል። ክፍል ውስጥ ስለ ርዕስ አወጣጥ ስንማር «ይስባል ወይ?» ነው የምንባለው። «ማንን ይጥላል?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ሌላኛው ጫፍ

ፍርሃትን ማጋነን አንዱ ጥፋት ከሆነ ተስፋን ማጋነን ሌላው ነው። ስለ ቋጠሮዎቹ ተስፋ የሚሰጡ ነገሮች አሉ። ከደም ወይም ከአክታ ተለይተው በሽታውን ቀድሞ ለማወቅ ይረዱ ይሆናል፤ ከግንደ ሕዋስ የሚወጡትም ለሕክምና እየተሞከሩ ነው። ይህ ሁሉ የምርምር ሥራ ነው። እቴቴን ዛሬ የሚያገለግላት ያው ስፓይሮሜትሩና የሚሳበው መድኃኒት ነው።

ነጋዴ ግን ምርምር እስኪያልቅ አይጠብቅም። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ክሊኒኮች «ኤክሶዞም» እያሉ ለልዩ ልዩ በሽታ ሲሸጡ ከቆዩ በኋላ፣ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ማስጠንቀቂያ አወጣ። በነብራስካ ግዛት ምርቱን የወሰዱ ሰዎች ከባድ ጉዳት እንደደረሰባቸው ጠቅሶ፣ በዚያን ጊዜ አንድም የተፈቀደ የኤክሶዞም ምርት እንደሌለ አስታወቀ። እዚህ አገር በማይክሮፎን «ከስኳር እስከ አስም» የሚያድን መድኃኒት ሲሸጥ ለምናይ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። አዲስ የሳይንስ ቃል ሲመጣ ከጋዜጠኛው ቀድሞ የሚማረው ሻጩ ነው።

ያስተማረኝ ጭስ

«ታዲያ አክስትህ ለምን አትተወውም?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። መልሱ አጭር ነው። የደብተሬ፣ የትራንስፖርቴ፣ የፎቶኮፒዬ ብር የሚወጣው ከዚያ ምጣድ ነው። እኔን እዚህ ያደረሰኝ ያ ጭስ ነው። ይህን ስጽፍ ለማሳዘን አይደለም፤ በዚህ ዲፓርትመንት ውስጥ እንደኔ በእንጀራ፣ በጠላ፣ በአረቄ ጭስ የሚማር ብዙ ልጅ እንዳለ ስለማውቅ ነው። «ጭስ ያቁሙ» የሚል ምክር ብቻውን ለእነዚህ እናቶች ምክር አይሆንም። ከምክሩ ጋር «በምን ተክተው?» የሚለው መልስ መቅረብ አለበት።

እኛ ቤት የተደረገው ይህ ነው። ከማድቤቱ ግድግዳ በላይ በኩል አንድ ቆርቆሮ ተነስቶ የጭስ መውጫ ተበጀ። ጉልቻው ቀረና ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ገባ። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ማገዶ በጣም ይቆጥባል፤ ጭሱም ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት ጎረቤት ጋር ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን፣ መብራት ካለ፣ ቆጣሪውን ተካፍለው ይጋግራሉ። እቴቴ አሁን የምትጋግረው በሳምንት 2 ቀን ነው። የፈረሰ የአየር ከረጢት ተመልሶ አይሠራም፤ ይህን ሐኪሟ ነግራታለች። የሚቻለው የቀረውን ማቆየት ነው። አቀበቱ ላይ አሁን ሁለት ጊዜ ነው የምታርፈው።

ከምግብ ቤቶቹ የሄደው አልተመለሰም። ጎረቤቶቿ ጋር ግን ነገሩ ተለውጧል። የቡድናችንን ጽሑፍ፣ «ጭስ ሳንባን እንዴት ይጎዳል?» የሚለውን፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም» ብለን ጀመርነው። እቴቴ ቅጂውን ተቀብላ ቡና ላይ የሰፈሩን የ8ኛ ክፍል ልጅ አስነበበችው። ልጁ ካነበበ በኋላ ከሴቶቹ አንዷ «እኔም እኮ ስነጋገር ይቆራርጠኛል» አለች፤ ሌላዋም ቀጠለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱ አብረው ሊመረመሩ ሄዱ።

ለእኛ ልጆች

የጤና ዘገባ ሊሠራ ለተነሳ የክፍል ጓደኛዬ ሦስት ጥያቄ ልተውለት። አንደኛ፣ ነገሩ የታየው በማን ላይ ነው? በሰው፣ በአይጥ ወይስ በብርጭቆ ውስጥ ባለ ሕዋስ? ሁለተኛ፣ አንባቢዬ ጽሑፉን አስቀምጦ ዛሬ ማታ ምን ማድረግ ይችላል? ሦስተኛ፣ በሽታው ያለበት ሰው ይህን ጽሑፍ ጎረቤቱ ሲያነብ አጠገቡ ቢቀመጥ ምን ይሰማዋል?

አሳይመንቱ ላይ መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ «ርዕሱ አይስብም» ብለው ጽፈውልናል። ልክ ናቸው። ከ20 ያገኘነው 15 ነው። ሁለቱ ሴቶች የሄዱት ግን በዚያ በማይስበው ርዕስ ነው፤ ስለዚህ እኔ በ15ቱ ተስማምቻለሁ።

ቸር ይግጠመን።